«ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» እስከ መቼ?

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ለተማሪዎችና ለወላጆች የቀረበ ንግግር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

 

ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ፖለቲካል ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ያጠናንና በማጥናት ላይ ያለን ልጆቻችሁ ነን። ተማሪዎቻችን የትምህርት መስክ ምርጫ የሚሞሉበት ወቅት ደርሷል። በየቤቱ «ምን ልግባ?» የሚል ጥያቄ አለ። መልሱም ብዙ ጊዜ የታወቀ ነው፤ የሚችል ሕክምና፣ ካልሆነ ኢንጂነሪንግ፣ እሱም ካልሆነ አካውንቲንግ ተምሮ የአባቱን ሱቅ ያግዝ። ከልጆቹ አንዱ «ፖለቲካል ሳይንስ ነው የምፈልገው» ያለ እንደሆነ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ከዚያም ሁላችንም ተጠምቀንበት ያደግነው አባባል ይመጣል፤ «ልጄ፣ ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ!»

በዚህ አባባል ላይ ልንነጋገር ነው የመጣነው። ልናፌዝበት አይደለም። ይህን አባባል ያወረሱን ወላጆች ፈሪዎች ስለነበሩ አላወረሱንም። በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር የልጆቻቸውን ሬሳ ከየመንገዱ ያነሱ እናቶች ናቸው ያወረሱን። ከዚያ ወዲህም ልጁ አንድ ቀን ማታ ተወስዶ ለዓመታት ስንቅ ሲያመላልስ የኖረ ቤተሰብ በየሰፈራችን አለ። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ከፖለቲካ መራቃችን ፖለቲካን ከእኛ አራቀልን ወይ?

አላራቀልንም። የመስጂድ ቦታ ጥያቄ በወረዳ፣ በክፍለ ከተማና በከተማ አስተዳደር የሚወሰን ነው። ሴት ልጃችን በሒጃቧ ክፍል ትገባለች ወይስ ከበር ትመለሳለች የሚለው የሚወሰነው በመመሪያ ነው። የሃይማኖት ተቋማችንን ማን ይምራ፣ እንዴት ይመረጥ የሚለው የአስተዳደርና የሕግ ጉዳይ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰው ቤት የምትሠራው እህታችን ደመወዟን ስትከለከል ማን ይጠይቅላታል የሚለው በሁለት መንግሥታት መካከል ያለ ጉዳይ ነው። ኮረንቲው በቤታችን ግድግዳ ውስጥ እያለፈ ነው። እንግዲህ በሩቁ ማለት መፍትሔ አይሆንም። ያለው አማራጭ ሽቦው ከየት እንደሚመጣና በየት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ማፍራት ነው። ኤሌክትሪሻን የሌለው ሰፈር ከኮረንቲ አደጋ የዳነ ሰፈር አይደለም፤ መብራቱ ሲጠፋ የሌላ ሰፈር ሰው ደጅ የሚጠና ሰፈር ነው።

ውድ ጀመዓዎች!

በመጀመሪያ ይህ ትምህርት ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ እንለይ። ፖለቲካል ሳይንስ የፓርቲ ስብሰባ አይደለም። ካድሬ ማሠልጠኛም አይደለም። ተማሪው ሥልጣን ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመነጭ፣ በምን እንደሚገደብ ይማራል። የተለያዩ አገሮች ሕገ መንግሥታቸውን፣ ምርጫቸውን፣ ፍርድ ቤታቸውን እንዴት እንዳዋቀሩ ያነጻጽራል። በጀት እንዴት እንደሚጸድቅ፣ መመሪያ ከአዋጅ፣ አዋጅ ከሕገ መንግሥት በምን እንደሚለይ ያውቃል። ይህን ልዩነት አለማወቅ ብዙ ያስከፍላል፤ አንድ ኃላፊ «መመሪያው አይፈቅድም» ባለን ቁጥር አንገታችንን ደፍተን የምንመለሰው መመሪያ ከሕገ መንግሥት በታች መሆኑን የሚነግረን ስለሌለ ነው።

ዓለም አቀፍ ግንኙነት ደግሞ ከአገር ድንበር ውጭ ያለውን ያጠናል። መንግሥታት ለምን ይዋጋሉ? ለምን ይታረቃሉ? ከመንግሥታት በላይ ፈራጅ በሌለበት ዓለም ቃልን ማክበር እንዴት ይቻላል? በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ራሱን ችሎ መሰጠት የጀመረው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ነው፤ የመጀመሪያው የትምህርት ወንበር እ.ኤ.አ. በ1919 በዌልስ፣ በአበሪስትዊዝ ተቋቋመ። ያን ያህል ሕዝብ ያለቀበት ጦርነት እንዳይደገም ምን ይደረግ የሚል ጥያቄ ነበር የወለደው። ዛሬ ተማሪው የተለያዩ መነጽሮችን ይማራል። ሪያሊዝም የሚባለው «መንግሥታት የሚገዙት ለጥቅማቸውና ለጉልበት ነው» ይላል። ሊበራሊዝም «ንግድ፣ ተቋምና ሕግ ጉልበትን ሊገሩት ይችላሉ» ይላል። ኮንስትራክቲቪዝም ደግሞ «ወዳጅና ጠላት የሚያሰኘው ስለ ራሳችንና ስለ ሌላው የያዝነው አስተሳሰብ ነው» ይላል። አንዱንም እንደ እምነት መያዝ አያስፈልግም። ሦስቱንም ያወቀ ሰው ግን ዜና ሲሰማ እንደ ሌላው ሰው ብቻ አይሰማም።

«ይህ የፈረንጅ ዕውቀት ነው፤ ለእኛ ምን ይሠራልናል?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ለዚህ ወንድም የራሳችንን ታሪክ እናስታውሰው።

በነቢይነቱ 5ኛ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ የመካ ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ መሰደድ ሲጀምሩ ቁረይሾች ዝም ብለው አልተቀመጡም። ሁለት መልእክተኞች ላኩ፤ አንዱ በብልሃቱ የታወቀው ዐምር ኢብኑል ዓስ ነበር። ለንጉሡም በዙሪያው ላሉትም ሹማምንት የቆዳ ስጦታ ተላከ። ሹማምንቱን አስቀድመው በስጦታ አነጋገሩ፤ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግር እንዲያስረክብ እንዲመክሩት ጠየቁ። ዛሬ ቢሆን አሳልፎ የመስጠት ጥያቄ እንለዋለን። ነጃሺ ግን «ሳልሰማቸው አልሰጥም» አለ። በዚያ ሸንጎ ፊት የቆመው ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ነው። ጀዕፈር አልተሳደበም። ማን እንደነበሩ፣ ምን እንደተለወጠ፣ ምን እንደደረሰባቸው፣ ለምንስ የእርሱን አገር እንደመረጡ በቅደም ተከተል አስረዳ። ሲጠየቅም ከሱረቱ መርየም ቀራ፤ ያ ሸንጎ ልቡ የሚነካበትን ያውቅ ነበርና። በማግስቱ ዐምር ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) የሚሉትን ጠይቃቸው ብሎ ወጥመድ ሲያጠምድ ስደተኞቹ ተመካከሩና የመጣው ይምጣ፣ ያመንነውን እንናገራለን አሉ። ተናገሩም። ነጃሺም አሳልፎ አልሰጣቸውም፤ የቁረይሾች ስጦታ ተመለሰ።

ልብ በሉ! የሰሚውን አገር ሁኔታ ማወቅ፣ ጉዳይን በሥርዓት ማቅረብ፣ በጋራ ነገር መጀመር፣ ግን ከእምነት አንድ ስንዝር አለመሸሽ። ዲፕሎማሲ ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። ይህ ደግሞ የተፈጸመው በዚሁ በእኛ ምድር ነው።

እ.ኤ.አ. በ628 በሑደይቢያ የሆነውን እንመልከት። የቁረይሾች ተወካይ ሱሀይል ኢብኑ ዐምር «የአላህ መልእክተኛ» የሚለው ቃል ከውሉ ካልወጣ አልፈርምም ሲል ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በስማቸውና በአባታቸው ስም እንዲጻፍ ፈቀዱ። በዚያ ዓመት ዑምራ ሳያደርጉ መመለስን ተቀበሉ። ሰሐባዎች እጅግ ከበዳቸው፤ ዑመር (ረ.ዐ.) ሳይቀሩ ጠየቁ። በምትኩ የ10 ዓመት ሰላም ተገኘ። በዚያ ሰላም ውስጥ ሰዎች ያለ ፍርሃት ተገናኙ፣ ተነጋገሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ መካ የተከፈተችበትን ሁኔታ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከውሉ በኋላ ሰሐባዎች በሐዘን ደንዝዘው ትእዛዝ ለመፈጸም ሲዘገዩ መላውን የጠቆሙት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ነበሩ። ራስዎ ወጥተው ዕርድዎን ይረዱ፣ ጸጉርዎን ይላጩ፤ ያኔ ይከተሉዎታል አሏቸው፤ እንዳሉትም ሆነ። ሴት ልጅ በፖለቲካ ምን አገባት የሚል ካለ መልሱ እዚህ አለ።

ዑለማዎቻችንም ይህን መንገድ ጠርገውልናል። የአቡ ሐኒፋ ተማሪ የነበሩት ኢማም ሙሐመድ አሽ-ሸይባኒ እ.ኤ.አ. በ805 ነው ያረፉት። በ«ሲየር» ዘርፍ ስለ ውል መጠበቅ፣ ስለ መልእክተኞች ደህንነት፣ በጦርነትና በሰላም ጊዜ ከሌሎች ሕዝቦች ጋር ስለሚኖር ግንኙነት በሥርዓት ጽፈዋል። በአውሮፓ የዓለም አቀፍ ሕግ አባት የሚባለው ሁጎ ግሮሽየስ ታዋቂ መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1625 ነው። መሐላቸው ከ800 ዓመት በላይ አለ። ኢብኑ ኸልዱን ደግሞ መንግሥታት እንዴት እንደሚነሡና እንደሚወድቁ «ዐሰቢያ» በሚለው የኅብረት መንፈስ ሊያስረዱ ሞክረዋል። እርሳቸው መጽሐፍ ይዘው የተቀመጡ ሰው ብቻ አልነበሩም። ከግራናዳ ወደ ካስቲል ንጉሥ ተልከው ተደራድረዋል። እ.ኤ.አ. በ1401 ደማስቆ በቲሙር ጦር ስትከበብ ከከተማዋ ግንብ በገመድ ወርደው ከራሱ ከቲሙር ጋር ተገናኝተዋል። እንግዲህ ይህ ዕውቀት የፈረንጅ ብቻ ነው የምንለው የራሳችንን መጽሐፍ ሳንከፍት ስለተቀመጥን ነው።

ወንድሞችና እህቶች!

አሁን ወደ ዛሬው ጉዳያችን እንምጣ። ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም፤ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። አንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን፣ አንቀጽ 30 በሰላም የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብ መብትን ያረጋግጣል። ይህን ብዙዎቻችን በቃላችን ይዘናል፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ስንቶቻችን አንቀጽ 9ን እስከ መጨረሻው አንብበናል? ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን የሚናገረው እዚያ ነው። አንቀጽ 13 ደግሞ የመብት ድንጋጌዎቹ ከሁሉ አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫና ከዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር በሚጣጣም መልኩ እንዲተረጎሙ ያዛል።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በጄኔቭ መሳቢያ ውስጥ ያለ ወረቀት ሳይሆን እዚህ የሚሠራ ሕግ ነው ማለት ነው። የቃል ኪዳኑ አንቀጽ 18 እምነትን ይመለከታል። በልብ ማመን ፈጽሞ አይገደብም ይላል። እምነትን በተግባር መግለጽ ሊገደብ የሚችለው ደግሞ በሕግ ሲደነገግና ለሕዝብ ደህንነት፣ ለሥርዓት፣ ለጤና፣ ለሞራል ወይም ለሌሎች መሠረታዊ መብት አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ አንቀጽ 18ን ማገድ አይቻልም። አንድ ባለሥልጣን «ለጸጥታ ሲባል» ሲል፣ ይህን ያጠና ልጅ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል፤ በየትኛው ሕግ? ለየትኛው ዓላማ? ከዚህ የቀለለ መንገድስ የለም ወይ? ሦስቱም ጥያቄዎች ጩኸት አይደሉም፤ ግን ከጩኸት ይልቅ ለመመለስ ይከብዳሉ።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር እ.ኤ.አ. በ1981 ጸድቆ በ1986 ሥራ ላይ ዋለ። ኢትዮጵያ በ1998 አጽድቃዋለች። አቤቱታ የሚቀበለው ኮሚሽን መቀመጫው ጋምቢያ፣ ባንጁል ነው። የቻርተሩ አንቀጽ 56 አቤቱታ ተቀባይነት የሚያገኝባቸውን ቅድመ ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ሦስቱን ብቻ እንንገራችሁ፤ በጥሞና አድምጡ። አንደኛ፣ አቤቱታው በስድብና በማዋረድ ቃል የተጻፈ መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ ከመገናኛ ብዙኃን በተለቀመ ወሬ ብቻ የተመሠረተ መሆን የለበትም። ሦስተኛ፣ አላግባብ ካልተጓተተ በቀር በአገር ውስጥ ያሉት የፍትሕ መንገዶች ተሟጠው መታየት አለባቸው።

እነዚህ ሦስት ነጥቦች ለሰላማዊ እንቅስቃሴያችን ምን ይነግሩናል? በንዴት የተጻፈ አንድ የስድብ መስመር የሺዎችን እውነተኛ ብሶት ከበር ሊያስመልስ ይችላል። በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ምስል ማስረጃ አይሆንም፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ የዓይን ምስክሩ ይፈለጋል። በወረዳ ያስገባነው ደብዳቤ ገቢ የተደረገበት ማኅተምና ቁጥር ከሌለው «አመልክተናል» ማለታችን ዋጋ የለውም። ስንቱ የመስጂድ ኮሚቴ ነው የደብዳቤውን ቅጂ በፋይል ያስቀመጠው? ስንቱስ «አይሆንም» የሚለውን መልስ በጽሑፍ ስጡን ብሎ የጠየቀው? ይህን የሚያስተምር ትምህርት አለ እያልናችሁ ነው። ልጆቻችሁ እንዲማሩት ነው የምንለምነው።

«ሕጉማ አለ፤ ማን ይሰማል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሕግ መኖሩና መከበሩ አንድ አይደሉም። ሪያሊዝምን ያነሣነውም ለዚህ ነው። ግን የትዕግሥትንም ፍሬ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ጉዳዩ ያኔ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ስትባል የነበረችው የዛሬዋ ናሚቢያ ነበረች። ሁለቱ አገሮች መክሰስ የቻሉት የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባላት ስለነበሩ ነው፤ ይህን በር ያገኙት የድሮ ሰነድ ያገላበጡ ባለሙያዎች ናቸው። ከስድስት ዓመት ክርክር በኋላ፣ በ1966፣ ዳኞቹ 7 ለ7 እኩል ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ክሱ ውድቅ ሆነ። በእኛ ስሜት ቢሆን «ድሮም ፍርድ የለም» ብለን እንበተን ነበር። እነርሱ ግን ጉዳዩን ወደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ወሰዱት፤ ጉባኤው በዚያው ዓመት የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት አቆመ። በ1971 ያው ፍርድ ቤት በሰጠው የምክር አስተያየት የደቡብ አፍሪካ በዚያ መቆየት ሕገ ወጥ ነው አለ። ናሚቢያ ነፃ የወጣችው እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 1990 ነው። ከክሱ እስከ ነፃነቱ 30 ዓመት ገደማ። እርግጥ ነው፣ ነፃነቱን ያመጣው የናሚቢያ ሕዝብ መሥዋዕትነት ነው። ያ መሥዋዕትነት በዓለም ፊት ስም ያገኘው ግን ሰነድ በሚያነቡ ሰዎች ጭምር ነው።

ወደ ቤታችን ደግሞ እንመለስ። ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመለሱ። ከዚህ ጀመዓ ውስጥ ያኔ ቦሌ ሄዶ እህቱን ያልተቀበለ ቢኖር ዘመድ ወይም ጎረቤት ያልተመለሰለት አይኖርም። አለቀስን፣ ብርድ ልብስ አዋጣን፤ አላህ ይቀበለን። ከዚያ በኋላስ? በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ሠራተኛ ለመላክ ከተቀባዩ አገር ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት እንዲኖር ደነገገ። ያንን ስምምነት የሚያረቅ፣ ስለ ፓስፖርት መያዝ፣ ስለ ዕረፍት ቀን፣ ስለ ደመወዝ አከፋፈል ቃል በቃል የሚከራከር ሰው ያስፈልጋል። የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 እ.ኤ.አ. በ2011 ጸድቋል፤ የትኛው አገር ፈርሟል፣ የትኛው አልፈረመም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የእህቶቻችንን ኑሮ ከውስጥ የሚያውቅ፣ ዐረብኛ የሚሰማ፣ ሕጉን ያነበበ የእኛ ልጅ ቢቀመጥ ምን ነበረበት?

ዐረብኛ ስንል አንድ ነገር ትዝ ይበላችሁ። በተባበሩት መንግሥታት ስድስት ይፋዊ ቋንቋዎች አሉ፤ ዐረብኛ አንዱ ነው። መቀመጫው በዚሁ በአዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረትም ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች ዐረብኛ ይገኝበታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዘይድ ኢብኑ ሳቢትን (ረ.ዐ.) የአይሁዶችን ጽሕፈት ተማር ያሉት ደብዳቤያቸውን እንዲያነብና እንዲጽፍላቸው ነበር። እኛ ዘንድ በየመድረሳው ነሕውና ሰርፍ ሲቀሩ ያደጉ ስንት ልጆች አሉ! ሌላው ከዜሮ የሚጀምረውን ቋንቋ እነርሱ ግማሽ መንገድ ሄደውበታል። የቀረው የዛሬውን የጽሑፍ ዐረብኛ፣ ከዚያም እንግሊዝኛን አጥብቆ መያዝ ነው። መድረሳና ዩኒቨርሲቲ ተቀናቃኝ የሚመስሏቸው ሁሉ ይህን ያስቡበት።

ውድ ተማሪዎች፣ አሁን ለእናንተ።

ይህን መስክ ስትመርጡ ኒያችሁን አስተካክሉ። በሰው ላይ ለመሠልጠን ብሎ የሚገባ አለ። የሕዝቡን ችግር እንደ ደላላ ሸጦ ለመክበርም የሚገባ አለ። ዕውቀት አማና ነው። ሥራውም ቢሆን እንደ ሕክምና በር ላይ አይጠብቃችሁም፤ ልናታልላችሁ አንፈልግም። ዲግሪ ይዘው ሥራ ፍለጋ የሚንከራተቱ አሉ። በውጭ ጉዳይ፣ በአህጉራዊና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ በጋዜጠኝነት፣ በጥናት ተቋም፣ በማስተማር በሩ የሚከፈተው ብዙ ላነበበና በደንብ ለሚጽፍ ነው። ለማለፍ ያህል የሚማር ሰው በዚህ መስክ ተጎጂ ነው። ከሕግ፣ ከኢኮኖሚክስ ወይም ከስታቲስቲክስ አንዱን ደግፋችሁ ያዙ።

ደግሞም ይህ ትምህርት ሁልጊዜ ደስ የሚያሰኘንን አይነግረንም። የምንቃወመውን ወገን መከራከሪያ ከራሱ በተሻለ እንድናስረዳ ይጠይቀናል። የራሳችንን ተቋማትም በዚያው ሚዛን ይለካል፤ ምርጫ ግልጽ ይሁን የምንል ከሆነ የመስጂዳችን ኮሚቴ ምርጫና ሒሳብ ግልጽ ነው ወይ? ለእኛ የምንጠይቀውን መብት ለክርስቲያን ጎረቤታችንና እኛን ለማይመስለው ሁሉ እንጠይቃለን ወይ? ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት አደባባይ ሲወጡ ክርስቲያን ወገኖቻቸው አብረዋቸው ወጥተዋል። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ይብቃ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን ነበር ጥያቄው። የዚያ ቀን ፍሬ የሆኑትን የበዓላት ቀኖቻችንን ዛሬ በሥራ ዝግ እያከበርን ነው። ያን ጥያቄ በግልጽ ቃል ቀርጸው ያቀረቡ፣ የተማሩ ልጆች እንደነበሩ አንርሳ።

ወላጆቻችን ሆይ!

የምንለምናችሁ ብዙ አይደለም። ልጃችሁ ፍላጎቱና ችሎታው ካለው «ፖለቲካ» በማለቱ ብቻ አትቆጡት፤ ለምን እንደፈለገው ጠይቁት። መልሱ የበሰለ ከሆነ መርቁት። ሴት ልጃችሁንም እንደዚያው። ሁሉም ይግባ አላልንም፤ ሐኪምም ነጋዴም ያስፈልገናል። ከመቶ ሁለትና ሦስት ልጅ ከየጀመዓው ቢወጣ ግን በአሥር ዓመት ውስጥ ደብዳቤያችንን የሚጽፍልን ሰው ፍለጋ ደጅ አንጠናም።

ዑለማዎቻችንና ኢማሞቻችን ደግሞ ስለ ጀዕፈርና ስለ ሑደይቢያ ስታስተምሩ የድርድሩን ጥበብ ለወጣቱ አስፍታችሁ አሳዩልን። ነጋዴ ወንድሞቻችን፣ በየመስጂዱ ቤተ መጻሕፍት አንድ መደርደሪያ ሙሉልን፤ ሕገ መንግሥቱ፣ የሰብዓዊ መብት ስምምነቶቹ፣ የአገር ታሪክና የዓለም ታሪክ ይኑርበት። የመስጂድ ኮሚቴዎቻችን፣ ከዛሬ ጀምሮ የላካችሁትና የተቀበላችሁት ደብዳቤ ሁሉ ቅጂው በቀንና በቁጥር ይቀመጥ። እኛም በበኩላችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ከተማሪዎች ጋር አንድ አንድ ሰነድ እያነበብን ለመወያየት፣ የምርጫ ቅጽ ለሚሞሉትም ያለ ክፍያ ለማማከር ቃል ገብተናል። በዚህ ላይ አላህ ያግዘን።

ጥያቄያችን በሰላም የቀረበ ነው፤ በሰላምም ይቀጥላል። ሰላማዊ ትግል ግን ከጉሮሮ ብቻ አይወጣም። ቁጭ ብሎ የሚያነብ ዓይን፣ የሚጽፍ እጅ፣ የሚታገሥ ልብ ይፈልጋል።

ያ አላህ! ጠቃሚ ዕውቀትን ለግሰን፤ ከማይጠቅም ዕውቀት ጠብቀን። ልጆቻችንን ለእምነታቸው፣ ለአገራቸውና ለሰው ልጅ ሁሉ የሚጠቅሙ አድርጋቸው። የታሰሩትን ፍታ፣ የተሰደዱትን በሰላም መልስ፣ የተበደሉትን ሐቅ አስመልስ። ለአገራችን ሰላምና ፍትሕን ስጥ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።

አላሁ አክበር!